ስለ ውፍረት ሲያስተምሩን ከኋላ ማን ቆሟል?

እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነበርን፤ እኔና የእህቴ ልጅ። ስምንት ዓመቷ ነው። «ውፍረትን በእንቅስቃሴ እንከላከል» የሚል የእግር ጉዞ እንዳለ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ነበር የሰነበተው። ስንደርስ ቦታው በሰው ተሞልቷል። መመዝገቢያው ጋ ለሁለታችንም ነጭ ቲሸርት ሰጡን። የሷ እስከ ጉልበቷ ወረደ። ከፊት ለፊት የዘመቻው መልዕክትና ያዘጋጀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም አለ። ከኋላ የአንድ ለስላሳ መጠጥ ምልክት አለ። የኋላው ከፊቱ ይተልቃል።

አንድ ሰዓት ያህል ተራመድን፣ ዘለልን፣ ላብ በላብ ሆንን። ሲያበቃ አንድ አይሱዙ መጥቶ ቆመ። በሳጥን በሳጥን የተደረደረ ቀዝቃዛ ለስላሳ በነጻ ይታደል ጀመር። ውሃ ፈለግኩ። አልነበረም። ልጅቷ ጠምቷት ስለነበር አንዱን ጠርሙስ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው፤ ሁለተኛውን ቀስ ብላ። ቤት ስንገባ ለእናቷ፣ «ስፖርት ከሠራሽ በኋላ ለስላሳ መጠጣት አለብሽ፣ ለጤና ነው» አለቻት። እንዲህ ብሎ ያስተማራት ሰው የለም። ያየችውን ገጣጥማ ራሷ የደረሰችበት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ሳገላብጠው ነው የሰነበትኩት። ምግብና መጠጥ የሚሸጡ ኩባንያዎች መንግሥት በውፍረት ላይ በሚያካሂደው ዘመቻ ውስጥ ሲገቡ ምን ይሆናል? ጉዳዩ በኛ ከተማ የተጀመረ አይደለም። ሌሎች አገሮች ብዙ ዓመት አሳልፈውበታል።

ለመሆኑ ውፍረት የኛ ችግር ነው?

ይሄን ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ ተገቢም ነው። ልጆች በምግብ እጥረት በሚቀነጭሩበት አገር ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ልጆች 38 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ያው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በላይ ከሲታ፣ 8 በመቶው ደግሞ ክብደታቸው ከሚገባው በላይ መሆኑን መዝግቧል። ሁለቱ ችግሮች ተራ አይጠባበቁም። በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ከተማ ውስጥ ደግሞ ውፍረቱ ከገጠሩ በብዙ ይበልጣል።

«ከልክ ያለፈ ውፍረት» ሲባል በዓይን ግምት አይደለም። የሚሰላበት መንገድ አለ። ክብደትን በኪሎ፣ ቁመትን በሜትር ያዙ። ክብደቱን ለቁመቱ አካፍሉ፤ የመጣውን እንደገና ለቁመቱ አካፍሉ። ውጤቱ 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክብደት በዝቷል ይባላል። 30 ከደረሰ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 የሆነ ሰው 70 ኪሎ ቢመዝን ልኬቱ 25.7 ይመጣል። 82 ኪሎ ከገባ 30ን ያልፋል። ይሄ ለአዋቂ ነው፤ ለልጆች የተለየ ሰንጠረዥ አለ።

ጉዳዩ የመልክ አይደለም። ስኳር በሽታ፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ከውፍረት ጋር ተያይዘው ይመጣሉ። በዓለም ጤና ድርጅት ስሌት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰው አንዱ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረበት። እኛ ጋ ግን ሰው ሲወፍር «ተመችቶሃል»፣ «አምሮብሃል» ነው የሚባለው። ቦርጭ የደላው ሰው ምልክት ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ትምህርቱ ያስፈልገናል። ጥያቄው አስተማሪው ማን ይሁን ነው።

ኩባንያዎች በምን በኩል ይገባሉ?

በጣም የሚታየው ስፖንሰርነት ነው። ቲሸርት፣ ባነር፣ ድንኳን፣ ሙዚቃ፣ የአየር ሰዓት። የጤና መሥሪያ ቤቶች በጀት ጠባብ ነው። ያለው ገንዘብ ለወባ፣ ለክትባት፣ ለእናቶች ጤና ይሄዳል፤ ለውፍረት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ኩባንያው ገንዘብም፣ መኪናም፣ የማስታወቂያ ባለሙያም አለው። የሱ ምርት የማይደርስበት ኪዮስክ የለም። «እናግዛችሁ» ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል። የጤና ሠራተኞቹን ለመውቀስ አይደለም ይሄን የምለው። በባዶ እጅ ዘመቻ አይደረግም።

ብዙም የማይታዩ በሮችም አሉ። አንዱ ጥናት ነው፤ ኩባንያው ለተመራማሪዎች ገንዘብ ይሰጣል። ሌላው ቃል መግባት ነው፦ «ሕግ አታውጡብን፣ በራሳችን ፈቃድ ስኳሩን እንቀንሳለን»። ሌላው ደግሞ ወንበር ነው። ፖሊሲ የሚረቀቅበት ጠረጴዛ ላይ «ባለድርሻ አካል» ተብሎ ይቀመጣል። ይሄን ቃል በየስብሰባው እንሰማዋለን። ወላጁም፣ ሐኪሙም፣ ፋብሪካውም እኩል ባለድርሻ ይባላሉ። የየራሳቸው ድርሻ ግን ለየቅል ነው። የወላጁ ድርሻ የልጁ ጤና ነው። የፋብሪካው ድርሻ ሽያጭ ነው። ይሄ ስድብ አይደለም፤ ፋብሪካ የሚቆመው ለመሸጥ ነው።

ጉቦ ካልሆነ ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

ስፖንሰር ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ጉቦ ነው። በፖስታ ብር ተቀብሎ የሚዋሽ ባለሥልጣን። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ቲሸርታችን ላይ የተጻፈው ውሸት አልነበረም። መንቀሳቀስ በእርግጥ ጥሩ ነው። ገንዘቡ የሚሠራው ሳይጻፍ በሚቀረው ነገር ላይ ነው።

ይሄን ለመረዳት ይሉኝታ የሚለው ቃላችን ይበቃል። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣሉ እንበል። ሽማግሌዎች ተሰየሙ። ሽማግሌዎቹ ግን ሦስቱንም ቀን ምሳ የበሉት፣ ቡና የጠጡት አንደኛው ሰውዬ ቤት ነው። ሳንቲም የተቀበለ የለም። ሐቀኛ ሰዎች ናቸው። ግን በአራተኛው ቀን ያንን ሰውዬ ፊት ለፊት አይተው «አጥሩን የገፋኸው አንተ ነህ» ማለት እንዴት ይከብዳል! የበላበትን ወጪት ሰባሪ መባልን ማን ይወዳል? ስለዚህ ነገሩን ያለዝቡታል። «ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ አጥፍታችኋል» ይሉና ይመርቃሉ። አጥሩ እንደተገፋ ይቀራል።

የዘመቻ ስብሰባም እንዲሁ ነው። ሦስት መልዕክት ያለው ፖስተር ይረቀቃል እንበል። «በየቀኑ ተንቀሳቀሱ። አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ። ለስላሳ መጠጥ ቀንሱ።» ክፍሉ ውስጥ የቲሸርቱን ወጪ የቻለው ድርጅት ተወካይ ተቀምጧል። «ሦስተኛውን አውጡት» የሚል የለም። ግን አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠራርግና «ይቺን ሦስተኛዋን ትንሽ ብናለዝባትስ?» ይላል። «ለስላሳ መጠጥ ቀንሱ» የነበረው «የተመጣጠነ አመጋገብ ይኑራችሁ» ይሆናል። የተመጣጠነ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ሁሉም የየራሱን ትርጉም ይሰጠዋል። ሱቅ ስንገባ የምንቀንሰውን በስሙ የሚነግረን አንድ መስመር ነበር። እሱ ከፖስተሩ ወጣ።

ሌላም የሚንሸራተት ነገር አለ። ጥፋቱ ሁሉ ወደ ሰውዬው ይሄዳል። «አንተ ስላልተንቀሳቀስክ ነው»፣ «እናትየዋ ስላልተቆጣጠረች ነው»። ትምህርት ቤት በር ላይ ምን እንደሚሸጥ፣ ማስታወቂያው በልጆች ፕሮግራም መሃል ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ሳይነሳ ይቀራል። አንዲት እናት ሥራ ውላ ማታ ልጇን የምትመክረው ለአምስት ደቂቃ ነው። ማስታወቂያው ቀኑን ሙሉ ሲመክረው ውሏል። ትግሉ እኩል አይደለም፤ እሷን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው።

ኩባንያው ደግሞ በማስታወቂያ ብር የማይገዛ ነገር ያገኛል። ምልክቱ ከጤና መሥሪያ ቤት ስም ጋር በአንድ ልብስ ላይ ታተመ። ሰው ለሐኪም ያለው እምነት በከፊል ወደ ጠርሙሱ ተሻገረ። የእህቴን ልጅ ያሳመናት ይሄ ነው።

«ከተንቀሳቀስኩ ይቃጠላል» የሚለውስ?

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የተለመደ የኮላ ጠርሙስ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ስለሚይዝ ወደ ስምንት ማንኪያ ይጠጋል። ለልጇ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ስምንት ማንኪያ ስኳር የምትጨምር እናት አላውቅም። ለስላሳው ግን ቀዝቃዛ ስለሆነና ጋዝ ስላለው ጣፋጭነቱ ያን ያህል አይሰማንም።

የዓለም ጤና ድርጅት ወደ ምግብና መጠጥ የሚጨመር ስኳር፣ ማርና ጭማቂ ውስጥ ያለውንም ጨምሮ፣ በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ይሄ ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ ነው። አንድ ጠርሙስ ብቻውን ያልፈዋል። ልጅቷ በዚያ ጠዋት ከ60 ግራም በላይ ጠጥታለች።

ማቃጠሉስ? በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ 120 ካሎሪ ገደማ አለ። ካሎሪ ማለት ምግብ የሚሰጠን ጉልበት መለኪያ ነው፤ ቤንዚን በሊትር እንደሚለካው። ያንን ለመጨረስ አንድ አዋቂ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ አለበት። የስምንት ዓመት ልጅ ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ በሰዓት የምታቃጥለው ከዚያ በብዙ ያንሳል። ስለዚህ ውፍረትን ለመከላከል ወጥታ፣ ካቃጠለችው በላይ ጠጥታ ነው የተመለሰችው።

እንቅስቃሴ ለልብ፣ ለደም ግፊት፣ ለእንቅልፍ፣ ለመንፈስ ይበጃል። ይሄ አያከራክርም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ሲዛመት ከተደሰቱት አንዱ እኔ ነኝ። ግን አመጋገብ ሳይነካ በእንቅስቃሴ ብቻ ክብደት መቀነስ በጣም ከባድ ነው። ለዚህም ነው ጣፋጭ መጠጥ የሚሸጥ ድርጅት ስለ ስፖርት እንጂ ስለ ስኳር የሚያወራ ዘመቻ ሲደግፍ ቆም ብሎ ማየት የሚያስፈልገው።

ሌሎች አገሮች ምን ገጠማቸው?

እንግሊዝ ጥሩ ማሳያ ናት። (ከዚህ በኋላ የውጭ አገሮቹን ዓመታት ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው።) እ.ኤ.አ. በጥር 2009 መንግሥት «ቼንጅ ፎር ላይፍ» የሚባል ትልቅ ዘመቻ ጀመረ። ለሕይወት ተለወጥ እንደማለት ነው። በደማቅ ቀለም የተሠሩ ትናንሽ የካርቱን ሰዎች ቤተሰቡን «ጥሩ ብሉ፣ ብዙ ተንቀሳቀሱ፣ ረጅም ዕድሜ ኑሩ» እያሉ ይመክሩ ነበር። አጋር ሆነው ከገቡት መካከል ፔፕሲኮና ኬሎግስ ነበሩ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በዚያው ወር በርዕሰ አንቀጹ ነገሩን ተቸ። ስኳርና ጨው የሚሸጡት ድርጅቶች የጤና አስተማሪ ሆነው መቅረባቸው ነው ያሳሰበው።

በቀጣዩ ዓመት መንግሥት ተቀየረ። አዲሱ የጤና ሚኒስትር አንድሩ ላንስሊ በሐምሌ 2010 የዘመቻው የመንግሥት በጀት እንደሚቀነስ፣ ኩባንያዎች የበለጠ እንዲከፍሉ እንደሚጠበቅ ተናገሩ። በምላሹ መንግሥት አዲስ ሕግ እየጫነ አያስቸግራቸውም ተባለ። ይሄን ደግማችሁ አንብቡት። በብዙ አገር በዝግ በር የሚደረገው ልውውጥ በአደባባይ የተነገረበት ጊዜ ነው፤ ዘመቻውን ክፈሉ፣ ሕጉን እንተውላችኋለን።

በመጋቢት 2011 «የኃላፊነት ስምምነት» የሚባለው ተከተለ። የምግብና የመጠጥ ኩባንያዎች በፈቃዳቸው ቃል ይገባሉ፤ መንግሥት ያበረታታል። በአልኮል በኩል ያለውን ቃል ኪዳን ስድስት የጤና ድርጅቶች ገና ከመነሻው አንፈርምም አሉ። በኋላ ተመራማሪዎች ስለ ምግብ የተገቡትን ቃሎች አንድ በአንድ ሲያዩ፣ አብዛኞቹ ኩባንያዎቹ ቀድመው የጀመሯቸው ወይም ስምምነቱ ባይኖርም የሚያደርጓቸው ሆነው አገኟቸው።

አሜሪካ ውስጥ የፊላደልፊያ ከንቲባ ማይክል ነተር በ2010 እና በ2011 በጣፋጭ መጠጥ ላይ ቀረጥ እንዲጣል ሐሳብ አቀረቡ። የለስላሳ አምራቾች በበኩላቸው የልጆችን ውፍረት ለመከላከል 10 ሚሊዮን ዶላር እንሰጣለን አሉ። ቀረጡ ሳያልፍ ቀረ። ገንዘቡ በ2011 ለከተማዋ የሕፃናት ሆስፒታል ተሰጠ። ሆስፒታሉ በዚያ ብር ልጆችን ረድቶበታል፤ ይሄ አይካድም። ቀረጡ የጸደቀው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ በሌላ ከንቲባ ጊዜ ነው።

በ2015 ደግሞ ኒው ዮርክ ታይምስ አንድ ነገር አወጣ። ስለ ውፍረት የሚመራመር «ግሎባል ኢነርጂ ባላንስ ኔትወርክ» የሚባል የሳይንቲስቶች ስብስብ ነበር። ሰዎች በሚበሉትና በሚጠጡት ላይ ከልክ በላይ አተኮሩ፣ ዋናው እንቅስቃሴ ነው የሚል መልዕክት ያሰማ ነበር። ለማቋቋሚያ 1.5 ሚሊዮን ዶላር የሰጠው ኮካ ኮላ መሆኑ ታወቀ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ ስብስብ ሥራ ከኮካ ኮላ የተቀበለውን 1 ሚሊዮን ዶላር መለሰ። ስብስቡ ዓመቱ ሳያልቅ ፈረሰ።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን የቻይናው ነው፤ ምክንያቱም ከኛ ጋር ይመሳሰላል። ሱዛን ግሪንሃል የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪ በ2019 ያሳተሙት ጥናት፣ የቻይና የውፍረት ፖሊሲ በዓመታት ውስጥ ከምግብ ይልቅ ወደ እንቅስቃሴ እንዴት እንዳጋደለ ይተርካል። መንገዱ በኮካ ኮላና በሌሎች ኩባንያዎች ገንዘብ የሚደገፍ አንድ የሳይንስ ተቋም ነበር። የተቋሙ የቻይና ቅርንጫፍ ቢሮ ይገኝ የነበረው በመንግሥት የበሽታ መከላከያ ማዕከል ውስጥ ነው። ተማሪዎች በቀን አሥር ደቂቃ እየዘለሉ የሚጫወቱበት ፕሮግራም ተስፋፋ። ፕሮግራሙ ደስ ይላል፣ ልጆቹም ይደሰታሉ። ስለሚጠጡት ነገር የሚያነሳ ግን ጠፋ።

ታዲያ ፋብሪካው ዝር አይበል?

አይደለም። ስኳሩን የሚቀንሰው ፋብሪካው ነው፤ ያለሱ የሚሆን ነገር የለም። ልዩነቱ የሚመጣው ምን እንዲሠራ ተጠየቀ፣ ማንስ ጠየቀው በሚለው ላይ ነው።

እዚሁ ቤታችን ያለ ምሳሌ አለ፤ ጨው። እንቅርት ያለበት ሰው በየመንደሩ የማይታጣበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። መነሻው የአዮዲን እጥረት ነበር። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ጨው አምራቾች ደንቡን ተከትለው ሥራቸውን ቀየሩ። ከላይ ባነሣሁት እ.ኤ.አ. የ2016 ጥናት ላይ ወደ 90 በመቶ የሚጠጉ ቤቶች ውስጥ አዮዲን ያለበት ጨው ተገኘ። ፋብሪካው ትልቅ ሚና ተጫውቷል። ግን ፖስተር እንዲጽፍ አልተጠየቀም። ጨዉን እንዲቀይር ነው የታዘዘው።

እንግሊዝም ከዚያ የኃላፊነት ስምምነት በፊት ጨው ላይ የተሳካላት ነገር ነበር። የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለዳቦ ይህን ያህል፣ ለሾርባ ይህን ያህል እያለ ግብ አስቀመጠ። አሠራሩ በፈቃደኝነት ነው፤ ግን መሥሪያ ቤቱ ይለካል፣ ይከታተላል፣ ወደ ኋላ የቀረውን ይጠይቃል። ፋብሪካዎቹ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ቀነሱ፤ ምላስ ሳያውቀው። አንድ ሰው በቀን የሚበላው ጨው በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ9.5 ግራም ወደ 8.1 ግራም ወረደ። ክትትሉ ሲላላ ፍጥነቱም ቀነሰ።

ቃል ከመግባት ሌላ ምን ተሞክሯል?

ሜክሲኮ ከጥር 2014 ጀምሮ በጣፋጭ መጠጥ ላይ በሊትር 1 ፔሶ ቀረጥ ጣለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ግዢው ቀረጡ ባይኖር ይሆን ከነበረው በአማካይ 7.6 በመቶ ቀነሰ፤ በድሃ ቤተሰቦች ዘንድ ቅነሳው ከዚያም በለጠ።

እንግሊዝም በመጨረሻ ወደዚያው ሄደች። በ2018 የጀመረችው ቀረጥ አሠራሩ ብልህ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ግራም ስኳር ያልደረሰ መጠጥ ምንም አይከፍልም። ከዚያ በላይ ይከፍላል፤ 8 ግራም ከደረሰ የበለጠ ይከፍላል። ቀረጡ ሥራ ላይ ሳይውል ገና ብዙ ፋብሪካዎች ስኳሩን ቀነሱ። በተማጽኖ ለዓመታት ያልሆነው በሕግ ሆነ። እኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት ለስላሳ መጠጥ ኤክሳይስ ታክስ ይከፍላል። የኛ ግን የሚሰላው በዋጋው እንጂ በስኳሩ መጠን አይደለም። ስለዚህ ስኳሩን የቀነሰ ፋብሪካ በታክስ በኩል የሚጠቀመው ነገር የለም።

ቺሊ ደግሞ በ2016 ስኳር፣ ጨው፣ ቅባት ወይም ካሎሪ የበዛበት ምግብ ማሸጊያው ላይ ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት እንዲለጠፍበት አዘዘች። ማንበብ የማይችል ልጅም ያየዋል። ከማሸጊያው ላይ ልጆችን የሚስቡ ካርቱኖች ተነሡ። ምርቶቹ በትምህርት ቤት ውስጥ እንዳይሸጡ ተከለከለ። የጣፋጭ መጠጥ ግዢ በሩብ ገደማ ወረደ።

ማስታወቂያ መገደብ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከመውጣቱ በፊት ማታ ቴሌቪዥን ስንከፍት ቢራ በቢራ ነበር። አሁን የለም። ያኔ «ስፖርትና ሙዚቃ ያለ ቢራ ስፖንሰር ይሞታሉ» ሲባል እሰማ ነበር።

የሚቀጥለው ቲሸርት ሲሰጠን ምን እንጠይቅ?

ቲሸርቱን አትቀበሉ አልልም። እኔም ያንን ነጭ ቲሸርት እቤት እለብሰዋለሁ። ግን አንዳንድ ነገር ብንጠይቅ ነውር የለውም። መልዕክቱን የጻፈው ማን ነው? የጤና ባለሙያው ብቻ ነው ወይስ የከፈለውም ድርጅት አይቶት፣ አርሞት ነው ያለፈው? ስንት ብር ተሰጠ፣ በምን ስምምነት? ስምምነቱ ለሕዝብ ይፋ ነው? በመልዕክቱ ውስጥ የስፖንሰሩን ምርት የሚነካ ቃል አለ? ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ማንንም ሳይጠይቁ እዚያው ቆሞ ማየት ይቻላል። ስለ ውፍረት የሚናገር ፖስተር ስኳርን በስሙ ካልጠራ፣ ከታች ጥግ ላይ የተደረደሩትን ምልክቶች ተመልከቱ።

አዘጋጅ ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ገንዘቡ ከለስላሳ ፋብሪካ መምጣቱ የግድ ቢሆን እንኳ፣ አይሱዙው ውሃ ይዞ ይምጣ። ልጆች ፖስተር አያነቡም። የሚታደለውን ነው የሚያዩት።

ባለፈው ሳምንት አቶቴ አካባቢ አንዲት ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር። ባለሱቋ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው። በሩ ላይ ባለመስታወት ትልቅ ፍሪጅ ቆሟል፤ ከላይ እስከ ታች ለስላሳ ነው። «ቀዝቃዛ ውሃ የለም፣ እትዬ?» አልኳቸው።

«አለ ልጄ። ግን እዚህ ውስጥ አላስገባውም። ፍሪጁ የነሱ ነው፣ ሌላ ነገር ሲያዩበት ይቆጣሉ።»

ጎንበስ ብለው ከባንኮኒው ሥር አንድ ባልዲ ሳቡ። ውሃ ሞልተውበት ሦስት የታሸገ ውሃ ነክረውበታል። አንዱን አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። «ለጠየቀኝ ሰው አላጣም» አሉኝ።

እየከፈልኳቸው ሳለ ዩኒፎርም የለበሰ አንድ ትንሽ ልጅ መጣ። ብሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። የሚፈልገውን በአፉ አልተናገረም። ዞር ብሎ በጣቱ ፍሪጁን አሳያቸው።